እኔን የማይፈልግ ፕሮግራም

ከመካነ ሰላም በወጣሁበት ዋዜማ፣ እቤታችን ሽማግሌዎቹ ለዱኣ ተሰብስበው ሲጠብቁኝ፣ እኔ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ጭጋጉ ከገደሉ በኩል ተነስቶ መስኮቱን ሸፍኖታል፣ እናቴ ሁለቴ ሰው ልካብኛለች፣ እኔ ግን የገዛ ፕሮግራሜን ትቼ መነሳት አቅቶኛል። የበሽተኛ ስም የሚገባበትን፣ የድሮ ካርድ የሚፈለግበትን፣ ተራ ቁጥር የሚታተምበትን ያንን ፕሮግራም ብቻዬን ነበር የጻፍኩት። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ተከናንበው አጠገቤ ቆመዋል።

«አንተ ሙሄ፣ ነገ ይኼ ነገር ቢቆምብኝ ምን ልሁን?»

«ይደውሉልኛ!»

«አረብ አገር ድረስ?»

«አብሽሩ እትዬ፣ አነሳለሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁና፣ ፍርሃታቸው ደስ ብሎኝ ነበር። ሲሄድ የሚፈለግ ሰው መሆን ደስ ይላል። ፕሮግራሙ ሁሉ ነገር ከሁሉ ነገር ጋር የተጠላለፈበት፣ አንዱን ክር ስትስቡ ሌላው የሚተረተር ድሪቶ እንደነበረ አሳምሬ አውቅ ነበር። መፍቻው ያለው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው፤ ስሄድም ይዤው ሄድኩ።

ንጋት ላይ የደሴው አውቶቡስ ተነሳ። አቀስታን አልፈን ጉጉፍቱ ላይ ስንደርስ ብርዱ በጋቢ ውስጥ ገብቶ አጥንቴን ነካኝ፤ እናቴ የቋጠረችልኝን በሶ ጉልበቴ ላይ አቅፌ አሸለብኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ሁሉ ዛሬም የሚታየኝ እንደ አንድ ረጅም እንቅልፍ ነው፤ ያነቃኝ ሻርጃ አየር ማረፊያ ያለው መኮንን ነው።

«የቤተሰብ ስም?» አለኝ ፓስፖርቴን እያገላበጠ።

«የለንም።»

«ቤተሰብ የለህም?»

«ቤተሰብማ ሞልቶኛል፣ የጋራ ስም ነው የሌለን። እኔ መሐመድ፣ አባቴ አሊ።»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «ይኼ ሳጥን ባዶ ከሆነ አያሳልፈኝም» አለና አባቴን ሁለቴ ጽፎ አስገባኝ። መሐመድ አሊ አሊ ሆኜ ወጣሁ። እዚህ ያለው ሙቀት ደግሞ ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ የቀዝቃዛውን ቧንቧ ስትከፍቱት የሚመጣው ለሻይ የደረሰ ውሃ ነው። ጓሯችን ያለው ምንጭ ጥርስ እንደሚያደነዝዝ ለእዚህ ሰዎች ብነግራቸው የሚያምነኝ አጣሁ።

የተከራየሁት በኮምፔንሳቶ ከተከፋፈለ አዳራሽ አንዱን ጠባብ ክፍል ነበር፤ እዚህ ፓርቲሽን ይሉታል። አምስታችንም ተከራዮች የምንጠቀመው በአንድ የመብራት መስመር ነው።

«ሻይ ላፈላ ማንቆርቆሪያ ስሰካ የጎረቤቶቼ መብራት ይጠፋል» አልኩት ግብፃዊውን አከራይ።

«አትሰካዋ!»

«መስመሩን ለየብቻ አያደርጉልንም?»

«ማሊሽ፣ ግድ የለም፣ ያኔ የአንዱ ሲበላሽ የማን እንደሆነ ይታወቅና እኔን ትጨቀጭቁኛላችሁ። አሁን ለሁላችሁም ይጠፋል፣ ሁላችሁም ዝም ትላላችሁ።»

ሳቅኩ፤ ግን አልጋዬ ላይ ስጋደም ሳቄ ቆመ። እኔም ለእትዬ አስካለ የሠራሁላቸው ይህንኑ አይደል?

ሥራ ያስገኘችልኝ የአክስቴ ልጅ ሐዋ ናት። የምትሠራበት ቤት ጌታ ወንድም ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ነበረው። አለቃዬ ኢድሪስ የሚባል ሱዳናዊ ሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ እንደኛ አገር ሰው ሰላምታው የማያልቅ። የጻፍኩትን የመጀመሪያ ሥራ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ይሠራል። ነገ ቪዛህ ቢሰረዝ ግን ይህን ማን ይረዳዋል?»

«እኔ እኮ የትም አልሄድም።»

«እዚህ አገር የማይሄድ ሰው አይተሃል?» አለኝ ሳይቆጣ። «ሁላችንም መንገደኞች ነን። ለሚቀሩት ብለህ ጻፍ።»

በዚያው ሰሞን እትዬ አስካለ ደወሉ። በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ሌላ ስም እንደምታወጣላት ታውቃላችሁ። እኔም አውቃለሁ፤ የገዛ እናቴ ስታወጣ አይቻለሁ። ፕሮግራሙን ስጽፍ ግን ያ አየር ማረፊያ ያለው ሳጥን የሆንኩ ይመስል ለአንድ ሰው አንድ ስም ብቻ ብዬ ቁጭ። ከከላላ በኩል ምጥ የያዛት ሴት መጥታ አማቷ ባወጡላት ስም ሙሉቤት ተብላ ተመዘገበች። በመጀመሪያ ልጇ ብዙ ደም እንደፈሰሳት የሚናገረው ካርድ ግን በእናቷ ቤት ስም፣ በጥሩነሽ ነው ያለው። ፕሮግራሙ አላውቃትም ብሎ ባዶ ካርድ አተመላት።

«ፊቷን ባላውቀው ኖሮ ያረቢ!» አሉኝ እትዬ አስካለ፣ ማርያምን በሚጠሩበት አፋቸው። «ሮጬ የድሮውን መዝገብ አወጣሁ። ለሐኪሟ ነገርኳት። ደህና ወለደች። አሁን ግን ሁለተኛ ስም ጨምርልኝ።»

በስልክ እየመራኋቸው ጨመርን። ወዲያው ፍለጋው ቆመ። ፍለጋውን ስናስተካክል ማተሚያው ቆመ። ስምን በየጉራንጉሩ ውስጥ በትኜው ኖሮ፣ የት የት እንዳለ ለእኔም ጠፋኝ። ሦስት ቀን ሙሉ በእጅ ጻፉ፤ ሰልፉ በር ላይ ደረሰ አሉ። አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ በህልሜ ይመጣብኝ ጀመር፣ ጭጋግ የዋጠው ትልቅ ቤት ሆኖ። አንዱን በር ስከፍት ሌላው ይዘጋል፣ ከውስጥ ሴቶች ይጣራሉ፣ የማንን ስም እንደሚጠሩ አይለይም። አንድ አርብ እንዲህ ሆኜ ስነቃ ትዝ ያለኝ ቅሬ ነው፤ ሸገሮች እድር የምትሉት። ሰው ሞተ ተብሎ ሲለፈፍ ቆፋሪው መቆፈሪያውን ይዞ ይወጣል፣ ባለድንኳኑ ድንኳኑን፣ ውሃ ቀጂዎቹ እንስራቸውን። ቆፋሪው ውሃው ከየትኛው ምንጭ ተቀዳ ብሎ አይጠይቅም፤ እንደሚመጣ ብቻ ያውቃል። ባለድንኳኑ ደሴ ወርዶ ቢሆን ጎረቤቱ ይተካዋል እንጂ ቀብር አይቀርም። እንዲያ ያለ አገር ተወልጄ፣ ቆፋሪውም ውሃ ቀጂውም እኔ ብቻ የሆንኩበትን ነገር መጻፌ ምን ነክቶኝ ነው?

አርብ አርብ አፍርሼ ሠራሁት። ስምን የሚያውቅ አንድ ክፍል ብቻ፤ የእናት ቤት፣ የአማት ቤት፣ የክርስትና፣ የፈለገው ስም ይምጣ እዚያው ያልቃል። ጳጉሜን ሳይረሳ ቀን የሚቆጥር ሌላ ክፍል። ፍለጋው ለብቻ፣ ማተሚያው ለብቻ። አንዱ ሌላውን «ይህን ስጠኝ» ይለዋል፣ እንዴት እንዳገኘው አይጠይቀውም። በየክፍሉ አናት ላይ ምን እንደሚሠራ በአማርኛ፣ በላቲን ፊደል ጻፍኩ። ኢድሪስ አማርኛ ባያውቅም እያየ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ሐዋ ለእረፍት አገር ቤት ስትገባ ፕሮግራሙ ያለበትን ፍላሽ ለእናቴ ከገዛሁት ሽቶ ጋር ቋጥራ ወሰደችው።

«እኔ ልንካው? ኧረ በአላህ!» አሉ እትዬ አስካለ መጀመሪያ።

«የስሙን ክፍል ብቻ ይክፈቱ። ቢያበላሹት እንኳ ሌላው አይሰማም።»

ነኩት። በየሳምንቱ ይደውሉ የነበሩት በየወሩ ሆነ፣ ከዚያ በበዓል በበዓል። ኋላም ቢፒአር የሚሉት የመንግሥት አሠራር ለውጥ መጥቶ የካርዱ ተራ፣ መስኮቱም ሁሉ እንደተቀየረ ሐዋ ከአገር ቤት ሰምታ ነገረችኝ። ደስታዬን ብታዩ! አሁን ይደውላሉ ብዬ አርብን ሙሉ ስልኬን ይዤ ዋልኩ። አልደወሉም። በሚቀጥለው ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ራሴ ደወልኩ።

«ሙሄዋ! ደህና ነህ? ሰው በዝቶብኛል ዛሬ።»

«ቢፒአሩ መጥቶ... ፕሮግራሙ እንዴት ሆነ?»

«እሱማ ባለፈው ማክሰኞ ጨረስኩት። ማተሚያውን ብቻ ነካሁ፣ ሌላው አልነቃም።»

«ምንም የተበላሸ የለም?»

«ምንም! አብሽር፣ አንተ ሥራህን ሥራ።»

እንዲህ እንዲሆን ነበር የደከምኩት፤ ሆነልኝ፤ አሁን ደግሞ አንዱን ክፍል አበላሽተው ቢጠሩኝ ብዬ መመኘቴ እኔንም አስፈራኝ።

«እትዬ፣ ስልኩን ሳይዘጉት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡልኝ እስቲ።»

«ለምኑ?»

«እንዲሁ።»

አስቀመጡት። ማተሚያው ሲንሿሿ ሰማሁ፣ ሕፃን አለቀሰ፣ አንዲት ሴት በሁለቱም ስሟ ተጠርታ ሁለቴ «አቤት» አለችና ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀጥሎ እትዬ አስካለ ባለተራውን «መሐመድ!» ብለው ጠሩ። መልስ የለም። «መሐመድ!» አሉ እንደገና፣ ከፍ አድርገው። ሦስተኛ ሲጠሩ እኔ እዚህ አልጋዬ ላይ «አቤት» አልኩ።