የቀስት ወዳጅና የአማቴ ላም

ድርቁ ሊበንን ባራቆተበት ዓመት ነው። ዶሎ ኦዶ የሚሠራ አንድ ፈረንጅ ነገሌ ላይ ጎማው ተንፍሶበት፣ እስኪጠገንለት ሱቄ በር ላይ ተቀመጠ። አማርኛውም እንደ ጎማው ነበር፤ ቢሆንም እየተንገጫገጨ ይሄዳል። አገሩ ሲገባ ቀስት እንደሚወረውር አጫወተኝ።

"ምን ትገድልበታለህ?"

"ምንም። ክብ የተሳለበት ወረቀት ነው የምወጋው።"

"ወረቀቱ ምን አደረገህ?"

ሳቀ። እንደሱ ያለው ሰው በእንግሊዝኛ "ቶክሶፊላይት" ይባላል አለኝ። ከግሪክ የተወሰደ ነው፤ "ቶክሶን" ቀስት፣ "ፊሎስ" ወዳጅ። እዚያው አገራቸውም ቃሉን ብዙ ሰው አያውቀውም አለ። የማይሸጥ ዕቃ ነው ብዬ ልተወው ስል አንድ ነገር መረቀልኝ፤ መርዝ ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው "ቶክሲክ" ከዚያው ከቀስት የወጣ ነው። ግሪኮች ፍላጻ የሚቀቡትን መርዝ "የቀስት መድኃኒት" ይሉት ነበር። ውሎ አድሮ "መድኃኒት" የሚለው ወደቀና "ቀስት" የሚለው ብቻውን መርዝ ሆኖ ቀረ።

"እኛም ጋ እህሉ አልቆ በጆንያው የሚጠራ ነጋዴ አለ" አልኩት።

አማቴ ከደጋ መጥተው ጦር ሰፈሩ አጠገብ የቀሩ ጡረተኛ ወታደር ናቸው። ከከብቶቻቸው የተረፈችው አንዲት እርጉዝ ላም ነበረች፤ ተስፋቸው ሁሉ በጥጃዋ ላይ ነበር። ሳር ስለጠፋ የከተማው ሰው ካርቶን እያራሰ ለከብቱ ያበላል። የብስኩቱ ካርቶን ከብስኩቱ ቀድሞ ያልቅብኝ ነበር። እሳቸው ግን "ለእሷ ካርቶን? በቁሜ አይሆንም!" አሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ለምለም ቅጠል ተሸክመው መጡ።

"አባባ፣ ይሄን ከየት አገኙት?"

"ከኮረብታው ጥግ። አንድ ዛፍ ብቻውን አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል! እናንተ ሱቅ ውስጥ ተጎልታችሁ አገሩ ደረቀ ትላላችሁ።"

ላሟ በላች። ከሰዓት በኋላ ተንገዳግዳ ወደቀች። ጎረቤታችን የቦረናው ሽማግሌ "አካም፣ ናጋ?" እያሉ ገቡና ቅርንጫፉን ሲያዩ ሰላምታው አፋቸው ላይ ቀረ።

"ይሄ እኮ ቀራሩ ነው። የድሮ አዳኞች ቀቅለው ፍላጻቸውን የሚቀቡት። በድርቅ ብቻውን የለመለመ ዛፍ ፍየል እንኳ አይቶ ያልፈዋል።"

የእንስሳት ሐኪሙን ጠራን። ልቧን አዳመጠና ቦርሳውን ዘጋ። "ለዚህ የሚሆን መድኃኒት የለም" አለ።

የፈረንጁ ወሬ ያኔ ነው የመጣብኝ። የመርዙን ስም ዘር እስከ ግሪክ ድረስ አውቃለሁ፤ ምን ይረባኛል? ከሱቄ ዘይቱንም የዱቄት ወተቱንም ተሸክሜ መጣሁ። አልዋጥ አላት፤ በአፏ ጎን እየፈሰሰ መሬቱ ጠጣው።

አማቴ አጠገቧ ተቀምጠው እጃቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

"ይራገጣል" አሉ። "ይሄኛው እኮ ምንም አልበላም።"

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፤ ሐኪሙም ቦርሳውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አማቴ እጃቸውን አላነሱም። መራገጡን እስኪያቆም ድረስ እዚያው ያዙት።