የፊቱ ፖርቶመጋላ

ሞተር ሳይክል እጠላለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። የምጠላው ከፊቴ የሚቀመጠውን ጀርባ ነው።

በእንስሳት ሳይንስ ተመርቄ ጠዳ በምትባል የገጠር ከተማ ከብት በመከተብ ሥራ ላይ ስመደብ፣ ለመስክ የነበረን አንድ የጃፓን ሞተር ብቻ ነበር። ተረካቢው አብሮኝ የሚከትበው ባልደረባዬ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛልና «ጋሼ» እለዋለሁ። እሱ ይነዳል፤ እኔ ከኋላው እቀመጣለሁ፤ የክትባቱ የበረዶ ሳጥን ከእኔ ኋላ ባለው ፖርቶመጋላ፣ የዕቃ መጫኛው ብረት ላይ ይታሰራል። ሳጥኑ ሰፊ ስለሆነ ወደ ፊት ይገፋኛል። መካከላችን አየር አያልፍም።

በመጀመሪያው ሳምንት መንገዱ አስቸጋሪ ሆኖበት ነው ፍሬን የሚይዘው ብዬ ነበር። በኋላ አስተዋልኩ። ቁልቁለቱና ድንጋዩ ላይ ተጠንቅቆ ይነዳል። በሬም በግም የሌለበት ሜዳ ላይ ግን ድንገት ይይዛል። ደረቴ ጀርባው ላይ ይለጠፋል። ላብና የትናንት አረቄ ይሸተኛል፤ ሲስቅ ጀርባው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ማታ አራዳ ሰፈር ያለው ቤቴ ስገባ ሹራቤን ሁለት ጊዜ አጥባለሁ። አባቴ የደብር መሪጌታ ነው፤ ብነግረው ሥራውን ተዪው ከማለት ሌላ ምን ይለኛል? እኔ ደግሞ ሥራውን እወደዋለሁ።

ጋሼ ሻይ ቤት ሲቀመጥ ስለ ሞተሩ ፋብሪካ ማውራት ይወዳል።

«ጃፓን ሞኝ አይደለም። ለከተማ ቀጭኑን፣ ለተራራ ጎማው ጥርስ ያለውን፣ ለሴት ቀሚሷን እንደለበሰች የምትነዳውን፣ ለገበሬ ደግሞ ይኼን የኛን ሠራ።» አንድ ቀን ወደ እኔ እያየ ጨመረበት። «ፍሬኑን ሲሠራ ግን ይችን ልጅ አስቦ ነው።»

«ኧረ ተው አያ፣ የሰው ልጅ ናት!» አለ አንዱ፣ እሱም እየሳቀ። ሻይ ቀጂዋም ሳቀች። እኔ ብርጭቆዬን አየሁ።

ያን ዕለት ቢሮ ስመለስ ከሞተሩ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረድኩ። ዓይን አፋር ሰው ያነባል፤ ሌላ ምን ያደርጋል? የፋብሪካው ሞተሮች ሁሉ በተርታ ተሥለዋል። የገበሬው ሞተር የኛው ነው፤ ሰንሰለቱ ጭቃ እንዳይነካው የተሸፈነ፣ መቆሚያው በሁለቱም በኩል ያለ። ሥዕሉ ላይ ግን ከፊትም፣ ከመብራቱ በላይ፣ ሌላ ሰፊ ፖርቶመጋላ አለው። የኛ ላይ የቀሩት አራት የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው።

ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ሄድኩ።

«እትዬ፣ የሞተሩ የፊት ፖርቶመጋላ የት ደረሰ?»

«ያውልሽ፣ ከጆንያው ጀርባ። ጋሼ ነው ፈትቶ ያስረከበኝ።»

«ምነው፣ ተሰብሮ ነው?»

«ምን ይሰበራል! ካንቺ በፊት የነበረችው ልጅ የተቀጠረች ሳምንት ነው የፈታው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አልቆየችም እንጂ። ገጠሩ ከበዳት ተባለ።» ይህን ስትል ዓይኔን አላየችም።

 የቀፈፈኝ እሱ ብቻ አልነበረም። ብረቱን መዝግባ የተቀበለችው እጅ፣ ሻይ ቤት የተገለፈጡት ጥርሶች፣ «ገጠሩ ከበዳት» ብሎ የሸኛት አፍ ሁሉ ቀፈፈኝ። እኔም ብለቅ የሚሉት ያንኑ ነው።

ብረቱን ከነአቧራው አቅፌ ወጣሁ። መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግነውን ጎሚስታ ለምኜ አሳሰርኩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም።

በማግስቱ ጋሼ ሞተሩን ዞሮ አየው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ከጃፓን አብሮት የመጣ ነው፣ ጋሼ።» ሳጥኑን ራሴ ከፊት አሰርኩት።

«መሪው ይከብደኛል።»

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ ነው።»

ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ ተቀመጥኩና ባዶውን የኋላ ፖርቶመጋላ ብረት በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ሜዳው ላይ ስንደርስ እንደ ልማዱ ያዘ። ክንዴ ተወጠረ እንጂ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። ዞሮ አየኝ።

«ምነው፣ ኮራሽ?»

ብረቱን አጥብቄ ያዝኩ። ማታ ስታጠብ እጄ የዛገ ብረት ይሸት ነበር። በዚያ ሞተር ላይ ከሸተተኝ ሁሉ ያልቀፈፈኝ እሱ ብቻ ነው።