ከምርመራ የተመለሰ አይጠየቅም

የእስር ክፍሉ ከጠበቅኩት በላይ ንጹሕ ነበር። የሲሚንቶ አግዳሚ፣ ክዳን የሌለው የብረት ሽንት ቤት፣ የበረኪና ሽታ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ዙሪያውን ቃኙና፣ «ይሄማ ሆቴል ነው» አሉ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ደርግን ተቃውመን ሎስ አንጀለስ፣ ዊልሻየር ጎዳና ላይ መንገድ ዘግተን ተቀመጥን፤ ፖሊስ እየጎተተ አነሳን። መፈክሮቹን ቤት እያስመታሁ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ያስጮህኩትም እኔ። ድምፄ ተሰንጥቆ ነበር።

ጋሼ አዲስ አበባ በፖለቲካ ለዓመታት ታስረው የወጡ፣ ያኔ ጋርዴና ያለ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ማንም ሳይመርጣቸው ካቦ ሆኑ። ካቦ ማለት አገር ቤት ማን የት እንደሚተኛ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ የሚወስን እስረኛ ነው። እኔን በእሳቸውና በባለታክሲው መካከል አደረጉኝ። ባለታክሲው አፉ የማያርፍ የወሎ ልጅ ነው።

«ኦኬ፣ ገጣሚው፣ ካንኮራፋህ ዲፖርት አደርግሃለሁ» አለኝ።

ከምሳ በኋላ አንድ ጠባቂ ወደ ፍርግርጉ መጣ። በዚያ እስር ቤት ወንድ የሚወዱ ወንዶች ለብቻቸው ስለሚታሰሩ ሁሉም ሰው ይጠየቃል። አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አስተርጓሚ ሆንኩ። ለዚህ ነገር የማውቀው የአማርኛ ቃል ሁሉ ስድብ ስለነበር አዙሬ ተረጎምኩት።

«ወንድ ትወዳላችሁ ወይ ነው የሚለው።»

«እኔ የምወደው ክትፎ ነው በለው» አሉ ጋሼ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጠባቂው ሳቁን እንደ «ኖ» ቆጠረና ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ?»

«ኖ» ማለት ቀላል ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያልኩት ነው። ግን ጠዋቱን ስለ ነጻነት ስጮህ አርፍጄ ከሰዓት መዋሸት አቃተኝ። «የስ» አልኩ፣ ለራሴም እስከማይሰማኝ ዝቅ አድርጌ።

ባለታክሲው ግን ሰማ። ለሌሎቹ ነገራቸውና ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ከአጠገቤ ተነሳ። ሂድ ያለኝ ሳይኖር ሽንት ቤቱ ጥግ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዘመድ የለኝም፤ ዘመዶቼ እነዚህ ነበሩ። ብፈታም ወደ ማን እንደምመለስ አላውቅም።

ጋሼ መጥተው አጠገቤ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። ምንም አላሉም። ከእስረኞቹ አንዱ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይጠይቁት! እውነት ነው?» አለ።

«ከምርመራ የተመለሰ ሰው አይጠየቅም» አሉ። «አገር ቤት እስር ላይ እያለን ደንባችን ነበር። አጠገቡ ትቀመጣለህ። ሲፈልግ ይናገራል።»

«ይሄ ምርመራ አይደለማ!» አለ ባለታክሲው።

«ፊቱን አላየኸውም?»

ከዚያ ተናገርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአማርኛ፣ እየተንተባተብኩ። ጋሼ አልመከሩኝም፣ አልገሠጹኝም። ስጨርስ፣ «ብቻህን ተሸክመኸው ቆየህ» ብቻ አሉ።

ጠባቂው ተመልሶ በሩን ከፈተና በእንግሊዝኛ አናገረኝ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሼ።

«ለደህንነቴ ሲባል ወደ ሌላ ክፍል ልዛወር ነው።»

«ከማን ሊጠብቁህ?»

«ከእናንተ።»

 ጋሼ ሌሎቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው። ባለታክሲው የጠቀለለውን ብርድ ልብስ ሲያይ ቆየና ወደ በሩ ሄደ። ጠባቂውን በእንግሊዝኛ፣ «የእኛ ሰው ነው፤ እዚሁ ይቆያል» አለው።

ጠባቂው ወደ እኔ ዞረ። «ያልከኝን ያውቃሉ? መቆየት ትፈልጋለህ?»

መልሴን መሬት መሬት እያየሁ አጉተመተምኩት።

«ጮክ በል እንጂ!» አሉ ጋሼ። «ጠዋት ዊልሻየርን ስታናውጥ አልነበር?»

ተነሥቼ ቆምኩ። መፈክር ባስጮህኩበት በዚያው በተሰነጠቀ ድምፅ፣ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥዬ በአማርኛ፣ «ወንድ የምወድ ወንድ ነኝ! እዚሁ እቆያለሁ!» አልኩ።

የጠዋቱ ልማድ አልለቀቀውም መሰለኝ፣ ቅድም ጋሼን «ይጠይቁት» ያላቸው ሰውዬ ተቀበለኝ፦ «እዚሁ ይቆያል!» ሌሎቹ ተከተሉ። ክፍሉ ለጩኸቱ ጠበበ። ጠባቂው ትከሻውን ሰብቆ በሩን ቆለፈ። በር ሲቆለፍብኝ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ባለታክሲው ብርድ ልብሱን መልሶ ከጎኔ አነጠፈ። «ሶ፣ ማንኮራፋቱ ግን እንደተከለከለ ነው።»

ዓመታት አልፈው፣ አሁን በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ከፌርፋክስ ብዙ በማይርቅ ቢሮ ተቀምጬ እንደ እኔ ያሉ ሰዎችን አዳምጣለሁ። ሥልጠናው ላይ ስለ ማዳመጥ ብዙ አስተማሩን። ሌሎቹ ሲከብዳቸው እኔን አልከበደኝም፤ ሲሚንቶ ላይ ተምሬው ነበር።

ባለፈው ወር ባለታክሲው መኪናውን ፊት ለፊት ፓርክ አድርጎ ገባ። ከኋላው የእህቱ ልጅ፣ ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ። ወንበር ሳበላትና ወደ እኔ ዞረ።

«ከፓልምስ ሰፈር እዚህ ድረስ አጠገቤ ተቀምጣ መጣች» አለኝ። «ምንም አልጠየቅኳትም።»