ሃጃ የሚገቡበት ከፍታ

መኪናው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያድር ነበር። ፊቱ ቆሞ፣ ኋላው መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው፣ በር ላይ ተቀምጦ ሰው የሚጠብቅ ውሻ ይመስላል። ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ ምክንያቱም የምንኖረው ግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። አባዬ የቤቱ ሹፌር ነው፣ እማዬ የቤቱ ሠራተኛ ናት። እኔ እዚሁ ሪያድ ተወልጄ፣ የሐበሻ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ። ቤቱ የሃጃ ነው። ሃጃ ባላቸው ከሞቱባቸው ቆይተዋል። ጉልበታቸው ታሟል፤ ምላሳቸው ግን ጤነኛ ነው። የሚናገሩት በዓረብኛ ስለሆነ እኔ ወደ አማርኛ ሳመጣው ትንሽ ይለሰልሳል።

መኪናው ባላቸው በሕይወት ሳሉ የገዙት ረጅም የቅንጦት ጂፕ ነው። ወንበሩ ቆዳ፣ ፊት ለፊቱ የተወለወለ እንጨት። አባዬ "በጊዜው ንጉሥ ነበር" ይላል። ንጉሥነቱ ከምኑ ላይ እንደሆነ ለማወቅ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል፤ እንደ ሌላው መኪና በብረት ሞላ ላይ አይቆምም። በየእግሩ አየር የሚሞላ ሾክ አለው፤ እዚህ አገር ባሎን ይሉታል። ሞተሩ ሲነሳ አንድ ኮምፕሬሰር እያጉረመረመ ባሎኖቹን ይነፋል፣ መኪናውም ቀስ እያለ ከፍ ይላል። የኋላዎቹ ሁለቱ አርጅተው ያፈስሱ ነበር፤ ለዚህ ነው ሲቆም ቁጭ የሚለው።

ሃጃ ለዚህ ሁሉ ግድ አልነበራቸውም። ከኋላ በር ይገባሉ፣ እማዬ እግራቸውን ደግፋ ታነሳላቸዋለች፣ አባዬ ሞተር ያስነሳል። መኪናው መነሳት ሲጀምር እሳቸው የመንገድ ዱኣቸውን ይጀምራሉ። መኪናው ቀጥ ሲል ዱኣውም ያልቅና "ያላ" ይላሉ። አባዬ ማርሽ የሚያስገባው ያኔ ነው። ሹመይሲ ሆስፒታል ለሐኪም ሲሄዱ ስማቸው ሲጠራ የምሰማላቸው እኔ ስለሆንኩ አብሬያቸው ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ዱኣውንም ሳላስበው ሸምድጄዋለሁ።

ከዚያ መኪናው ባሰበት። ሞተር ተነስቶም ኋላው ቀጥ ማለት አቃተው። አንድ ዓርብ የሃጃ ትልቁ ልጅ በራሱ መኪና ከኋላችን ሲመጣ፣ ጎማችን ከላዩ ካለው ብረት ጋር ሲፋተግ አይቶ ኖሯል። ምሳ ከበላ በኋላ አባዬን ግቢ ውስጥ ጠራው። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

"ፈሕስ እየደረሰ ነው" አለ፤ የመኪና ዓመታዊ ምርመራውን ማለቱ ነው። "እንዲህ ቁጭ ብሎ አያልፍም። በትንሽ ወጪ የሚሠራ ከሆነ አሠራው። ካልሆነ ይሸጣል፣ እናቴን የኔ ሹፌር ያመላልሳታል።"

አባዬ ወደ መኪናው ዞሮ አየ።

"አንተም ሌላ ከፊል ትፈልጋለህ። ካጣህ ኹሩጅ ነው።"

ከፊል ማለት ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በስሙ የሚወጣልን አሠሪ ነው። ኹሩጅ ደግሞ ወጥተው የማይመለሱበት መውጫ ነው። ያለ አባዬ ኢቃማ የእማዬም የኔም አይኖርም። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ይህን ሲናገር ተምር እየበላ ነበር፣ ለአባዬም አንድ አቀበለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ ላይ ሾክ እንጂ ሌላ ነገር አይታይም ነበር። መንገዱ አራት ሆኖ አገኘሁት። አንደኛው ወካላ፣ ማለትም ከአምራቹ ወኪል አዲስ መግዛት ነው። ዋጋውን ለአባዬ ሳሳየው ስልኩን ገልብጦ ይዞት እንደሆነ አጣራ። ሁለተኛው ተሽሊህ ሄዶ፣ ማለትም ከተበታተኑ መኪኖች፣ ያገለገለውን ማውጣት ነው። ሦስተኛው ቲጃሪ የሚሉት ነው፤ ሌላ ፋብሪካ አስመስሎ የሠራው አዲስ ዕቃ። አራተኛው አየሩን ጭራሽ ትቶ የብረት ሞላ ማስገባት ነው።

አባዬ ጉዳዩን ወደ ሸንጎው ወሰደው። ሸንጎው ከመግሪብ ሶላት በኋላ የሰፈራችን ሱቅ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ የሚቀመጡት ሐበሻ ሹፌሮች ናቸው። ለስላሳ እንድገዛ ተልኬ ክርክራቸው ላይ ደረስኩ።

"ሞላ አስገባና ተገላገል ወንድሜ" አለ አንዱ። "አየር ላይ የቆመ ነገር አይተህ ታውቃለህ?"

"አውሮፕላን" አለ ሌላው።

"እሱም ይወርዳል።"

"ተሳፋሪ ሊያወርድ ነዋ!"

"የዚህም ተሳፋሪ ትወርዳለች። ሞላ በለው፣ ኸላስ።"

ሁሉም ሞላ አሉ። በዋጋም ከአዲስ ባሎን ይቀላል፤ አያፈስም፣ ኮምፕሬሰር አይፈልግም። እኔም ያነበብኩት ያንኑ ነበር። አባዬ እዚያው ሆኖ ለሃጃ ልጅ ደወለ፣ እሱም "ኸላስ፣ ሞላ ይሁን" አለው። አባዬ ወደ ክፍላችን ሲገባ ትከሻው ቀለል ብሎት ነበር።

እማዬ የሃጃን ልብስ እየተኮሰች ነበር። ነገራት።

"ከዚያ በኋላ ቁጭ አይልም?" አለች።

"ምን ሲደረግ ቁጭ ይላል? እንደቆመ ይኖራታል።"

"ታዲያ ሃጃ በምን ይገባሉ?"

"በበሩ ነዋ።"

"በበሩማ በበሩ ነው።" ካውያውን አቆመችና የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ ቅልጥሟ ላይ በጣቷ አመለከተች። "እግራቸውን የማነሳላቸው እኔ ነኝ። እስከዚህ ይነሳል። ከዚህ ካለፈ ይጮኻሉ። መኪናው ቁጭ ስለሚል ነው እስከዛሬ የገቡት።"

አባዬ የእማዬን ቅልጥም ትክ ብሎ አየ። ይህን ሁሉ ጊዜ እሱ መሪ ይዞ ፊት ፊቱን ሲያይ ነው የኖረው። ሃጃ እንዴት እንደሚገቡ አይቶ አያውቅም፤ ሲዘጋ የሚሰማው በር ብቻ ነው።

"በርጩማ እናድርግላቸዋ" አለ።

"በርጩማውንማ ልጃቸው ለረመዳን ገዝቶ አመጣላቸው አይደል? ምን አሉ?"

ምን እንዳሉ ሦስታችንም እናውቃለን። ከላይ እስከ ታች አይተውት "አምፖል ልቀይር ነው?" ነበር ያሉት። ከዚያ በኋላ በርጩማው ከማብሰያ ቤቱ በር ጀርባ አልወጣም።

"ልጁ እኮ ተስማምቷል" አለ አባዬ።

"ልጁ ነው ወይ የሚሳፈረው? መኪናው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሃጃ ካልገቡበት ልጃቸው ዝቅ ባለችው መኪናው ይወስዳቸዋል። ያኔ አንተን ምን ሊያደርግህ ነው?"

አባዬ ስልኩን አወጣ። እንደገና ለልጁ ደውሎ ሞላው እንዲቆይ፣ ሌላ ርካሽ መንገድ እንደሚያይ ነገረው። "ያው ዋጋው እንዳይንር" ተባለ።

የሃጃ እህት ለጥየቃ መጥተው የዋሉ ቀን ወደ ወርሻ ሄድን፤ ጋራዥ እዚህ ወርሻ ነው። ከመንሱራ ሰፈር አለፍ ብሎ ነው። እማዬም መጣች። ወርሻ ሴት የሚዋልበት ቦታ ስላልሆነ አባዬ መንገዱን ሙሉ "አንቺ መኪናው ውስጥ ትቀመጫለሽ" ሲላት ነበር፤ እሷም "ኢንሻአላህ" ትለዋለች። እንደደረስን መጀመሪያ የወረደችው እሷ ናት።

መካኒኩ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ እዚህ ዓመታት ቢቆይም ወሎኛው ንክች አላለም። "አብሽሩ፣ አብሽሩ" እያለ ከመኪናው ሥር ገባ። የሳሙና ውኃ ባሎኖቹ ላይ ረጨ። የባሎኑ ጎማ በሚታጠፍበት መስመር ላይ አረፋው እየተንፈቀፈቀ ወጣ፤ የግራውም የቀኙም።

"የግራው ነው የባሰበት" አለ አባዬ። "እሱን ብቻ ብንቀይረውስ?"

"አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ ካደረግከው ያነክስብሃል ወንድሜ። ጥንድ ነው።"

ከጎኑ ካለው ሱቅ ሦስት ዓይነት ተውሶ አመጣና ጠረጴዛ ላይ ደረደረልን። የተሽሊሁ ፋብሪካው ራሱ የሠራው ዋና ዕቃ ነው፣ ስሙም አለበት፣ ርካሽም ነው። አባዬ እጁን ሰደደ። መካኒኩ ግን ጎማውን በሁለት አውራ ጣቱ ሲከፍተው እጥፋቱ ውስጥ ቀጫጭን ስንጥቅ ታየ።

"ይኼ የናንተው እኩያ ነው" አለ። "ሽማግሌ አውጥቶ ሽማግሌ ማስገባት ነው። ዛሬ ይይዛል፣ በሙቀት ጊዜ ይመለሳል።"

ሁለተኛው ካርቶን እንኳ የሌለው ቲጃሪ ነበር። ጎማው ስስ ነው፤ ጎማውን ከብረቱ ጋር የሚያስረው ቀለበት በአንድ በኩል ጠበቅ፣ በሌላ በኩል ላላ ብሏል። ሦስተኛውም ቲጃሪ ነው፤ ግን ወፈር ያለ፣ ቀለበቱ ዙሪያውን እኩል የተጨመቀ፣ አየር የሚገባበት አፉም አብሮ የመጣ። ካርቶኑ ላይ የመኪናውን ዓይነትና የዓመተ ምህረቱን ልክ አነበብኩላቸው፤ የኛው ነው። ሻጩ ካፈሰሰ ሊቀይርልን ደረሰኙ ላይ ለመጻፍ ተስማማ።

"ይኼኛው ይሻላል" አለ መካኒኩ። "ኮምፕሬሰሩን አዲስ አትግዙ፤ ደክሞታል እንጂ አልሞተም። የሚያፈስ ሲሞላ ነው የኖረ። ማጣሪያውን እቀይርለታለሁ፣ የሚተርፋችሁን ገንዘብ ለባሎኑ አውሉት።"

አባዬ ራሱን እየነቀነቀ ሊስማማ ሲል እማዬ መሃል ገባች።

"ይወርዳል ወይ?"

"ኧረ አይወርድም እህቴ፣ አብሽሪ።"

"እኔ እንዲወርድ ነው የምፈልገው።"

መካኒኩ እጁን በጨርቅ መጥረጉን አቆመ። "እዚህ የሚመጣ ሁሉ እንዳይወርድብኝ ብሎ ነው የሚለምነኝ" አለ። "እንዲወርድልኝ ስትይኝ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።"

ስለ ሃጃ ጉልበት ነገረችው። ሰምቷት ሲያበቃ አጎንብሶ ከማርሹ ጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ አሳየን፤ የመኪና ሥዕልና ወደ ታች የሚያይ ቀስት አለባት። ተጫናት። የፊቱ "እስስስ" ብሎ ወረደና ቀድሞ ከወረደው ኋላው ጋር እኩል ሆነ።

"ለአሸዋ መስላኝ እኮ ነው" አለ አባዬ። "የሃጃ ባል ሼኹ በሕይወት ሳሉ የማታውቀውን አትንካ ብለውኝ ነበር።"

"ለሰው መግቢያ ነው። አየሩ ደህና ከሆነ አራቱም አንድ ላይ ይወርዳሉ። ሞላ ብታስገባ ግን ይችን ቁልፍ እርሳት።"

አዲሶቹ ገብተው ሲያልቁ መኪናው ሳየው ከማውቀው በላይ ረጅም ሆነ። መካኒኩ ቁልፏን ተጫነ፣ ወረደ። ከዚያ እማዬ አባያ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላ ገባች፣ ወጣች፣ ደግሞ ገባች። ከጎን ያሉት ወርሻዎች ሥራ አቁመው ያዩ ነበር። አባዬ ሰማይ ሰማዩን ያያል። በመጨረሻ የመግቢያው ጠርዝ አጠገብ ቆማ ቅልጥሟን ለካች።

"አንድ ጣት ያልፋል" አለች።

"ይጮኻሉ?" አለ አባዬ።

"ይናገራሉ። አይጮኹም።"

ዓርብ ልጃቸው መጣ። ሃጃ ከምሳ በኋላ ዲራ ገበያ ሄደው ሽቶ ሊገዙ አስበዋል። እኔ ቀድሜ ከኋላ ገባሁ። መኪናው ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ልጁ ዙሪያውን ዞሮ አየው። ሃጃ በእማዬ ክንድ ተደግፈው ወጡ፣ ደረጃው ላይ ቆሙ።

"የማን መኪና ነው?" አሉ።

"የእርስዎ ነው ሃጃ" አለ አባዬ፤ ቁልፏን ተጫነ።

መኪናው እየተነፈሰ ወረደ። ሃጃ እስኪያበቃ ጠበቁት። እማዬ እግራቸውን አነሳች፣ እኔ ከውስጥ እጃቸውን ያዝኩ። "ጎበዝ፣ ጎበዝ፣ አጥንቴን ጨርሱት" አሉና ተቀመጡ። ተናገሩ እንጂ አልጮኹም። እማዬ በሩን ስትዘጋ በመስታወቱ አየችኝ።

አባዬ ሞተሩን አስነሳና ወደ ላይ የሚያነሳውን ቁልፍ ተጫነ። ሃጃ ዱኣቸውን ጀመሩ። ገና መሃሉ ላይ ሳይደርሱ መኪናው ቀጥ አለ። አቋረጡት።

"ምን አስቸኮለው?"

"አዲስ ስለሆነ ነው ሃጃ። አያፈስም።"

"መልሰህ አውርደው።"

አባዬ በጎን መስታወት ልጃቸውን አየው፤ ሰውየው እጁን አጣምሮ ቆሟል። አወረደው። ሃጃ ከመጀመሪያው ጀመሩ። አባዬ ጣቱን የማንሻዋ ቁልፍ አጠገብ አድርጎ ጠበቀ፣ የዱኣው መሃል ላይ ሲደርሱ ተጫናት። መኪናውና ዱኣው አንድ ላይ ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው ልጃቸው መጥቶ የአባዬን መስኮት አንኳኳ።

"ፈሕሱ ሲያልፍ ወረቀቱን አምጣልኝ" አለ። "የሦስታችሁንም ኢቃማ አምጣ። ማደሻው ደርሷል።"

"ኢንሻአላህ" አለ አባዬ። ድምፁ ያው የዘወትሩ ነው፤ ጆሮው ብቻ ቀልቶ ነበር።

"ዱኣዬን አታቋርጠኝ አንተ" አሉ ሃጃ ለልጃቸው። ጨረሱት። "ያላ።"

ከግቢው ስንወጣ ዞሬ በኋላ መስታወት አየሁ። እማዬ ምናልባት ብላ ከማብሰያ ቤቱ አውጥታ ደረጃው አጠገብ ካለው ዓምድ ጀርባ ደብቃው የነበረውን በርጩማ አንስታ ወደ ክፍላችን እየሄደች ነበር። አሁን ሽንኩርት ስትልጥ እሱ ላይ ነው የምትቀመጠው።