ዘጠና አንድ ብቸኛ አይደለም

አባቴን ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው አታት ሆስፒታል ወስደን አስተኛነው። አንደበቱም አብሮ ተዘጋ። ዕድሜውን ሙሉ ወልቂጤና ቡታጅራ እየተዘዋወረ ሒሳብ ያስተማረ ሰው፣ ድምፁ ከክፍል አልፎ ግቢው ድረስ የሚሰማ ሰው፣ ውሃ ስጡኝ ማለት አቃተው።

እኔም የሱን ሙያ ይዤ ወልቂጤ አስተምራለሁ። ጠዋት ክፍል እገባለሁ፤ ከሰዓት በሚኒባስ ሄጄ እናቴ እንድታርፍ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ነርሷ ባየችኝ ቁጥር፣ “አዋሪያቸው እንጂ እህቴ፣ ዝም አትበያቸው” ትለኛለች። ምን ላዋራው? የዘመድ ወሬ ሳመጣለት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ስሜን እንዲጠራልኝ ስለምነው ዓይኑ እንባ ይሞላል። ተውኩት። በጣም ደክሞኝ ስለነበር ተኝቶ መዋሉ ራሱ የሚያስቀናኝ ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ሐሳቤ እንዳይበተን ድምፄን ከፍ አድርጌ እያነበብኩ አርማለሁ።

“ዘጠና አንድ፣ ብቸኛ ቁጥር ነው” አልኩና ልክ ብዬ አለፍኩ።

ግራ እጁ አንሶላውን ጨምድዶ ያዘ። ያመመው መስሎኝ ደነገጥኩ።

“ምን ሆንክ አባዬ? ነርስ ልጥራ?”

አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ። ከንፈሩ እየተጣመመ፣ “ሰ... ሰባት” አለ።

“ምኑ ነው ሰባት?”

“ሰባት!” አለ ተቆጥቶ። ከዚያ ብዙ ታግሎ፣ “አስራ ሦስት።”

ወረቀቱን አየሁት። ሰባት ጊዜ አስራ ሦስት፣ ዘጠና አንድ። ከአንድና ከራሱ ሌላ አካፋይ ካለው ብቸኛ አይደለም። ለራሱ የማይታዘዝ አንደበት እኔን ሊያርም ተፈታ። ነርሷ ድምፁን ሰምታ ስትደርስ ስስቅም ሳለቅስም አገኘችኝ። እሱ ግን አልሳቀም። መልሱን እስክሰርዘው ድረስ ዓይኑን ከወረቀቱ አልነቀለም።

ከዚያ ወዲህ ወሬያችን ቁጥር ሆነ። “ስልሳ” እለዋለሁ፤ “ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት” ብሎ ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ ይበትነዋል። ሲሰለቸው ድምር እንጫወታለን። ከሁለት የሚበልጥ ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ነው ይባላል፤ ለሁሉም መሆኑን ግን እስካሁን ያረጋገጠ የለም። “መቶ” ስለው ቆይቶ፣ “ሦስትና ዘጠና ሰባት” ይለኛል።

አሁን ቤት ገብቷል። ከቁጥሮቹ ኋላ ቃላትም አንድ በአንድ መጡ፤ “ውሃ” መጣ፣ “በቃ” መጣ፣ የእናቴም ስም መጣ። የኔ ገና ነው። በተጨናነቀ ክፍል ስጮህ ውዬ ስገባ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

“በይ” ይለኛል።

“ዛሬስ ደክሞኛል አባዬ።”

“በይ!”

ጫማዬን ሳላወልቅ አጠገቡ እቀመጥና አፌ ላይ የመጣውን ቁጥር እሰጠዋለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ያስባል። መልሱን ሳልሰማ እንቅልፍ የሚወስደኝ ቀን ብዙ ነው።