ጤና አዳም የፈሰሰበት ጆሮ

ዛሬ ልደታ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ጉንጩ ያበጠ ልጅ ታቅፋ በግራዬ ተቀመጠች። ልጁ ቅቤና ጤና አዳም ይሸታል። መቀመጥ አቃተኝ።

እኔንም በልጅነቴ ጆሮ ደግፍ ሲይዘኝ፣ አያቴ ያንኑ አሙቀው ግራ ጆሮዬ ውስጥ ጠብ አደረጉልኝ።

«አባባ፣ በዚህኛው አልሰማም» አልኳቸው።

«እብጠቱ ሲሟሽሽ ይከፈታል። ወንድ ልጅ አያለቃቅስም!»

እብጠቱ ሟሸሸ፤ ጆሮዬ ግን እንደተዘጋ ቀረ። አስተማሪው በግራዬ በኩል ሲጠራኝ ዝም ስለምል «ጥጋበኛ» ብሎ አባረረኝ። ፊደል የቆጠርኩት ሸብቼ ነው።

«እህቴ፣ ልጁ ይሰማል? ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው» አልኳት።

እየወረደች የሆነ ነገር መለሰችልኝ፤ አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ደህናውን ጆሮዬን ሳዞርላት በሩ ተዘጋ። የረዳቱ «ሳበው!» ግን ጥርት ብሎ ተሰማኝ።