አባትህ ጠላ

ነቀምቴ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ከአከራዬ ጋር ተጣልቼ ቤት ልለቅ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሙጫ ብላ ጠራችኝ። እኔ የጎጃም ገበሬ ልጅ ብሆንም ከማሠልጠኛ የወጣሁ የጃንሆይ መንግሥት አስተማሪ ነኝ፤ ክራባት አስራለሁ፤ ያውም ገና ሻንጣዬን ፈትቼ አልጨረስኩም። እሷ ግን ከጓዳ በር ብቅ ብላ እየሳቀች «ሙጫ ኮ፣ ና ብላ» ትለኛለች። ፊቴን ቋጥሬ «ማን ላይ ተጣበቅሁ እመቤት?» አልኳት። ሴትዮዋ ግራ ቢገባት አጥር የሚያዋስናቸውን ሽማግሌ ጎረቤት ጠራች። ሽማግሌው ሰምተው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በኦሮምኛ ሙጫ ልጅ ማለት ነው፤ ሙጫ ኮ ደግሞ ልጄ። አፈር በበላሁ! ለካ ልጄ ያለችኝ ሴት ላይ ነው የጮህኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አገሩ ሰው አዮ አልኳት፤ እናቴ እንደ ማለት ነው።

አዮ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ያላት ጠላ ሻጭ ነበረች። ጠላ የምለው እኔ ነኝ እንጂ እነሱ ፋርሶ ነው የሚሉት። እኔ ያደግሁት ገብሱ እስኪጠቁር ተቆልቶ፣ ጌሾው በርከት ብሎ፣ ጋኑ በወይራ ታጥኖ፣ ከዚያ በጨርቅ ካልተጠለለ ጠላ አይባልም በሚሉ ሰዎች መሃል ነው። የአዮ ፋርሶ የበቆሎና የዳጉሳ ነው፤ ወፍራምና ድፍርስ፣ መጀመሪያ ኮምጠጥ ብሎ ቆይቶ ከምላስ ሥር የሚጣፍጥ። የመጀመሪያውን ጣሳ ቀምሼ «ይሄማ አጥሚት ነው፤ ለአራስ ይሁን» አልኩ። ሌላ ሴት ብትሆን ጣሳውን ትነጥቀኝ ነበር። አዮ ግን «ምላስ እንደ መልክ ነው፣ ሙጫ ኮ። እግዜር ለየብቻ ነው የሰጠው» ብላ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ቀላቅላ፣ አለፈችኝ።

እውነትም ያቺ ሴት የሰው ምላስ የምታነብ ነበረች። የአዲስ አበባ መንገድ ሾፌሮች ቀጭን ይወዳሉ፤ ለእነሱ ከጋኑ አፍ ላይ ቀስ ብላ ትቀዳለች። ወፍራም ካልሆነ የማይጠጣው አሥር አለቃ ሲመጣ ቅሉን ወደ ታች ትሰደዋለች። የሸዋው ቄስ ቆየት ያለ ነው የሚሹት፤ ለእሳቸው ከትናንት በስቲያው ታስተርፋለች። ገበሬዎቹ ከዙሪያው ገጠር ለገበያ ሲመጡ ደግሞ ገና እየፈላ ያለውን፣ ጉሹን ይጠጣሉ። ከአንድ ጥንስስ አራት ጠላ! ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ፣ ጠንስሳ፣ በኮባ ከድና፣ በየጠዋቱ ጆሮዋን ለጥፋ ታዳምጠዋለች። «ገና ያወራል» ካለች ማንም አይነካውም። እኔ ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ያቺ ሴት ግን ሰዓት ሳታይ፣ ሳትሰፍር፣ አንድ ቀን አልተሳሳተችም። ቆሜ ሳያት እቀናባት ነበር።

ሽማግሌው ጎረቤት ፕሮቴስታንት ስለሆኑ የሚያሰክር ነገር በአፋቸው አይዞርም። ቢሆንም በየቀኑ ይመጣሉ፤ አዮ ለእሳቸው ብላ ከተቆላ ገብስና ከስኳር ቀሪቦ ታዘጋጃለች። አማርኛቸው እርስዎ የሚባል ነገር የለበትም። እኔንም፣ ቄሱንም፣ አውራጃ ገዥውንም አንተ ነው የሚሉት፤ ማንም አይቀየማቸውም። የማይጠጡ ሰው ሆነው ግን አፍንጫቸው ጉድ ነው። አንድ ጊዜ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ከአዲስ አበባ አንድ ጠርሙስ ቢራ ይዞ መጣ። ሁለት ቀን በመኪና ተንጦ፣ ሞቆ፣ ሲከፈት ግማሹ አረፋ ሆኖ ጸሐፊው ሱሪ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን በየተራ ቀመስን። አሥር አለቃው «የጋን እጣቢ» አለ። ቄሱ አፋቸውን ጠረጉ። ሽማግሌው ጠርሙሱን አሸተቱና «ይሄን የጠመቀ ሰው እጅ የለውም» አሉ። አዮ ብቻ ጠርሙሱን ገልብጣ እያየች፣ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ ሳይበላሽ መቅረቱ ይገርማል ብላ አደነቀችው። የማታውቀውን ሰው ሥራ እንኳ አትንቅም ነበር።

በዓመቱ ፋርሶውን ለመድኩት፤ ቀጥሎም ያለ እሱ መዋል አቃተኝ። ልጅቷንማ አትጠይቁኝ። ከፋርሶውም ቀድሜ ነው የወደድኳት፤ እሷም ወዳኛለች፤ አዮም አውቃ እንዳላወቀች ሆናለች። የቀረው አባቴ ነበሩ።

አባቴ በደብራችን የታወቁ ጠላ ቀማሽ ናቸው። ለሰርግም ለተዝካርም የተጠመቀ እሳቸው ሳይቀምሱት ለሰው አይቀርብም። ለታላቅ ወንድሜ የምትታጭ ልጅ ሊጠይቁ ከሽማግሌዎች ጋር ሄደው፣ ጠላውን አንድ ጊዜ ፉት ብለው ዋንጫውን አስቀመጡ። ስለ ዝናብ አውርተው፣ ስለ ከብት አውርተው ተነሡ። የልጅቷ ነገር በዚያው ቀረ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው። ለእኔም ከመንደር አንዲት ልጅ አስበውልኛል ሲባል ሰምቻለሁ። ስለዚህ «መጥተው ይዩኝ» ብዬ ጻፍኩላቸው እንጂ ስለ ጋብቻ ቃል አልተነፈስኩም። ጠጥተው ደስ ሲላቸው እነግራቸዋለሁ፤ ዋንጫውን ካስቀመጡ ግን አለቀልኝ።

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው እብደቴ የተነሣው። አዮን «የጎጃም ጠላ ጥመቂ» አልኳት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እሷ «ተው» ስትል እኔ ገብስ ገዝቼ መጣሁ። የመጀመሪያውን ጌሾ አብዝተንበት አሥር አለቃው አንድ ጊዜ ጎንጭቶ ግቢው ውስጥ ተፋው። ለሁለተኛው ጋኑን እኔ ራሴ አጠንኩት፤ የወይራውን ጭስ አበዛሁትና ቄሱ «ልጄ፣ ይሄ ጠላ ነው ወይስ ጢስ?» አሉኝ። ሦስተኛው ጠራ። በብርጭቆ ሲቀዳ መልኩ ልክ የቤታችን ነው። ሲጠጣ ግን ምንም አይልም፤ አይመርም፣ አይጣፍጥም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። አዮ ቀምሳ «እጄ አያውቀውም» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ መሰለኝ። እኔ አውሬ ግን «መልኩ ይበቃል» ብዬ፣ የራሷን የፋርሶ ጋን በኮባ አስጠቅልዬ ከጓዳው ጥግ አስደበቅኋት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አባቴ ሊገቡ ባሉበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ አውቶቡስ ማቆሚያ ቆምኩ። አውቶቡሱ የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው። አባቴ በአቧራ ነጥተው ወረዱ፤ ፊታቸው ግን የመንገደኛ አይመስልም፣ ፈክቷል። ጉልበታቸውን ስሜ «ምን አዘገያችሁ?» ብላቸው «አኖን አልፈን ሲሬ ላይ ጎማ ፈነዳ። ቁጭ ብለን ዋልን» ብለው ፈገግ አሉ። ጎማ የፈነዳበት ሰው ምን ያስቀዋል ብዬ አልጠየቅሁም።

ቤት ስንደርስ፣ አባወራ የለም ተብሎ ሽማግሌው ጎረቤት ከአባቴ ጎን ተቀመጡ። አዮ ያንን የጠራ ጠላ በብርጭቆ ይዛ ገባች። እኔ ማየት አልቻልኩም። ወጥቼ ከጓዳው ኋላ ከቡናው እግር ሥር ቆምኩ። ልጅቷ በጓዳው መስኮት አየችኝ፤ ተያየን። ከቤት ውስጥ ድምፅ ጠፋ። ምነው ሳቅ የለም? ምነው ጨዋታ የለም?

ድንገት ሽማግሌው በጓሮ በር ብቅ አሉና በእጃቸው ወደ ቤቱ እያመለከቱ፣

«አንተ መምህር! አባትህ ጠላ!» አሉ።

«ምን?»

«ጠላ እኮ! አባትህ፣ ጠላ! ቶሎ በል!»

ሌላ ሰው ቢሆን «አባትህ ጠሉ» ይል ነበር፤ እሳቸው ግን ገዥውንም አንተ የሚሉ ሰው ናቸውና ምን ልጠርጥር? አባቴ ጠላ። ቤቱን ጠላ፣ ሴትዮዋን ጠላ፣ ዋንጫው ተቀመጠ። ደሜ ፈላ። ዓመት ሙሉ የፈራሁት ነገር ሲመጣ ፍርሃቱ ጥሎኝ ጠፋ። ሽማግሌውን ገፍቼ ገባሁና አባቴ ፊት ቆሜ፣

«ይጥሉ!» አልኩ። «ቢጠሉም ባይጠሉም አገባታለሁ! ሌላ አላገባም! ከመንደር ያሰቡልኝንም አላገባም!»

አባቴ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አዮ ግድግዳውን ያዘች።

«ማንን ነው የምታገባው?» አሉ አባቴ።

«የእሷን ልጅ!»

«እኔስ ማንን ነው የጠላሁት?»

«አባትህ ጠላ ተባልኩ እኮ!»

አባቴ ሽማግሌውን አዩ፤ ሽማግሌው እኔን አዩ። «ጠላ ጠየቀ ነው ያልኩህ!» አሉ ሽማግሌው ተቆጥተው። «አባትህ፣ ጠላ። የዚህ አገር ጠላ የታለ አለ። እኔ ልጠራህ ወጣሁ። ምነው አንተ አማርኛ አታውቅም?»

ጎጃም ተወልጄ፣ አማርኛን ከጡት ጋር ጠብቼ፣ ነቀምቴ ላይ አማርኛ አታውቅም ተባልኩ።

አባቴ ግን አልሳቁም። ሲሬ ላይ ጎማው እስኪጠገን ድረስ አንዲት ሴት ቤት ገብተው ፋርሶ ጠጥተዋል። «እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አልቀመስኩም» አሉ። «ሦስት ጣሳ ጠጥቼ ስሙን እንኳ ሳልይዝ አውቶቡሱ ጠራን። ነቀምቴ ደግሞ ከሲሬ ይበልጣል ሲሉኝ ስጓጓ ነው የመጣሁት። አሁን የቀረበልኝ የቤቴ ጠላ ነው፤ ያውም የታመመ። ጓዳው ግን የሲሬውን ይሸታል። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባላል። ማነው ይቺን ሴት የሰው ጠላ ጥመቂ ያላት?»

አቀረቀርኩ። አዮ ልትሸፍንልኝ «እኔው ነኝ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከጓዳ በኩል የልጅቷ ድምፅ «እሱ ነው!» አለ።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አሉ አባቴ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡ። ለዳኛ እንኳ ጎንበስ የማይሉት ሰው አዮ ፊት ቆመው አንገታቸውን ደፉ። «እመቤቴ፣ የገዛ ጠላውን ከእንግዳ የሚደብቅ ቤት አልወድም። ያስደበቀው የኔ ልጅ ከሆነ ግን ነውሩ የኔ ቤት ነው። ይቅር ይበሉን።»

አዮ የአባቴን አማርኛ ሁሉ የሰማችው አይመስለኝም፤ ይቅርታውን ግን ሰምታለች። ሮጣ ገባች። ኮባው ሲቀደድ ሰማሁ። ፋርሶዋን በባሏ ዋንጫ ሞልታ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። አባቴ ፉት አሉ። ደገሙ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስተኛ ሲጎነጩ መታገሥ አቃተኝና፣

«የልጅቷስ ነገር?» አልኩ።

አንድ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። «ዋንጫውን አስቀመጥኩ?»

አባቴ ሳምንት ተቀመጡ። በየጠዋቱ ከአዮ ጋር ጋኑ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ያዳምጣሉ። እሷ አማርኛ፣ እሳቸው ኦሮምኛ በቅጡ አይችሉም፤ ስለ ብቅል ግን ቀኑን ሙሉ ያወራሉ። ሲሄዱ የዳጉሳ ብቅል በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

ተጋብተን በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴን ይዤ አገሬ ገባሁ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። የቀረበው ጠላ ወፍራም ነው፣ ድፍርስ ነው፤ አባቴ ራሳቸው ቆመው ያስጠመቁት ነው። አጎቴ ፉት አለና «ወንድም ጋሼ፣ ይሄማ አጥሚት ነው» ብሎ ዋንጫውን ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ። ባለቤቴ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። እኔም ነቀምቴ ላይ ያልኩት ትዝ አለኝና መግቢያ አጣሁ።

አባቴ የአጎቴን እጅ ከነዋንጫው ያዙት። «አታስቀምጥ። ምላስ ይለምዳል» አሉት። ወደ ባለቤቴ ዞረው ደግሞ፣ በዚያ በጎጃም ምላሳቸው፣

«ሙጫ ኮ፣ ድገሚለት» አሏት።

ዘመዶቼ ምስኪኗ ማን ላይ ተጣበቀች ብለው ተያዩ። ባለቤቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ቀዳችለት።